ከእሷ በትንሽ የሚሰፋ ጎማ

ቅናት ፊት ላይ አይታይም የሚል ሰው ካለ እኛ ክፍል መጥቶ ይደር። እኔ የምተኛው በሁለት ቀናተኞች መሀል ነው። አንዷ ወደ ግድግዳው ትዞራለች፣ ሌላዋ ወደ መስኮቱ ትዞራለች፣ እኔ ደግሞ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ አድራለሁ። የማወራላችሁ ስለ ሳይክል ጎማ ነው። ሳይክል የሌላችሁም ግን ጆሯችሁን አትንፈጉኝ፤ ነገሩ እናንተም ቤት ሊኖር ይችላል።

አባዬ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ዳቦ ቤቱ ከፊት፣ መኖሪያችን ከኋላ ነው። እማዬ ታቦካለች፣ እኔ ባንኮኒው ላይ ሆኜ እሸጣለሁ፣ እትዬ የምላት ታላቅ እህቴ ደግሞ ሳይክሏ ላይ ሣጥን ጭና ታደርሳለች። መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ አስፋልቱን ይዞ በሱቆቹና በክሊኒኩ በኩል ይዞራል፤ ይሄኛውን ዓይኑን የጨፈነ ሰውም ይነዳዋል። ሌላው ተራራው ነው። ከላይ አንድ ትምህርት ቤት አለ፣ ከትምህርት ቤቱ አለፍ ብሎ ደግሞ ድንጋይ የሚፈለጥበት ካባ አለ። መኪና አይወጣውም። በዛፎች መሀል የሚያልፍ ቀጭን መንገድ ነው፤ የዛፍ ሥር ያፈጠጠበት፣ ልቅ ድንጋይ የሞላበት፣ ሲዘንብ ደግሞ ቀይ አፈሩ ውሃ እንደበዛበት ሊጥ የሚሆን።

ተራራው የእትዬ ነበር። ማንም አልሰጣትም፣ ማንም አልተከራከራትም። የትምህርት ቤቱ ልጆች ከሩቅ ሲያዩዋት “ዳቦ መጣች” እያሉ ይሮጣሉ፤ ዳቦ የሚሏት እሷን ነው። የካባው ካቦ ከሠራተኞቹ ቀድሞ ሻይ ይቀዳላታል። ከተራራው ስትመለስ አገጯን ቀና አድርጋ ነው የምትገባው። ከእኛ ከታችኞቹ ሰዎች ጋር ለመነጋገር ትንሽ ጊዜ ይወስድባታል።

ሳይክሏ ግን የታሰረለት የአስፋልት ጎማ ነበር። ቀጭን ነው፣ ጥርሱ አልቆ ልሙጥ ሆኗል። ዝናብ ሲመጣ ትወርድና ትገፋዋለች። አንዳንዴ አዳልጧት ሣጥኑ ይገለበጣል፣ ያን ቀን ልጆቹ ዳቦውን ከአፈር እያራገፉ ይበላሉ። “ጎማሽን ለምን አትቀይሪም?” ስትባል፣ “ሳይክል የሚነዳው በእግር ነው፣ በጎማ አይደለም” ትላለች። እኛም እውነት መስሎን እንተዋታለን። እንዲህ ዓይነት አነጋገር ጥሩ የሚሆነው ፀሐይ ሲሆን ነው።

የአጎቴ ልጅ የመጣችው ዝናቡ ሲጀምር ነው። አጎቴ ሥራ አግኝቶ ራቅ ያለ ቦታ ስለሄደ፣ “እናንተ ጋ ትሁን፣ ሥራም ታግዛችሁ” ብሎ ላካት። ከእትዬ በአንድ ዓመት ታንሳለች፣ በጎን ሆና ስትቆም ደግሞ ሳታዩዋት ልታልፏት ትችላላችሁ። ሰፈሩ ሳይውል ሳያድር “ቀጮ” አላት። ሳይክሏ ግን ሌላ ጉድ ነው። ጎማው እንደ ጎረምሳ ክንድ ወፍሯል፣ ጥርሱ ጎርበጥ ጎርበጥ ብሎ ወጥቷል። ዳቦ ቤቱ ፊት ስታቆመው ደንበኞች ከበው ሳቁ።

“ልጅቷን በልቶ ነው እንዴ እንዲህ የፋፋው?” አለ አንዱ።

እትዬ ከሁሉም በላይ ሳቀች። ሳቋን ልብ በሉልኝ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ነበር።

አንድ ጠዋት እትዬን ጉንፋን ጣላትና ቀጮ ተራራውን ወጣች። ሌሊቱን ሲዘንብ ነው ያደረው። እኛ ለምሳ እንጠብቃት ነበር፣ እሷ ግን የመጀመሪያው ዳቦ ተሸጦ ሳያልቅ ተመለሰች።

“አንድም አልወደቀም?” አላት አባዬ ባዶውን ሣጥን እያገላበጠ።

“አልወደቀም፣ ጋሼ።”

“ወርደሽ ገፋሽው?” አለች እትዬ፣ አፍንጫዋን በመሀረብ ይዛ ከጓዳ ብቅ ብላ።

“ኧረ አልወረድኩም። ጎማው ሰፊ ስለሆነ መሬቱን ይቆነጥጠዋል።”

“ስለ ጎማው ማን ጠየቀሽ?”

ቀጮ ደነገጠች። አባዬ ደግሞ ነገሩ አልገባውም፤ “እስቲ ነይ አሳዪኝ” ብሎ ከእሷ ጋር ወጣና ጎማውን በእጁ እየዳበሰ ቆመ። አባዬ የእትዬን ሳይክል እንዲህ ዳብሶት አያውቅም። በማግስቱ ደግሞ ካቦው በአንድ ሠራተኛ በኩል “ያቺን ቀጭኗን ላኩልን፣ ዳቦው ትኩስ እያለ ነው የደረሰው” ብሎ ላከ። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ቤታችን ቤት አልሆነም።

ቀጮ ፀጉሯን ስታበጥር እትዬ የማበጠሪያውን ድምፅ አትችለውም። ቀጮ ስትስቅ “ምን ያስገለፍጣታል” ትላለች። እማዬ ለቀጮ ሾርባ ስትጨምርላት እትዬ ከራሷ ሳህን የተቀዳ ይመስል ጭልፋውን በዓይኗ ትከተላለች። መቼም እውነቱን ካወራን፣ እማዬ “ልጄ” ስትላት እኔንም ትንሽ ቆጥቁጦኛል። እትዬ ላይ ግን ቁጥቆጣ አልነበረም፣ ቃጠሎ ነበር።

አንድ ከሰዓት ቀጮ ግቢ ውስጥ ሳይክሏን እያጠበች፣ “ስሚ እንጂ” አለቻት እትዬን፣ “ያንቺ ጎማ ለአስፋልት እንጂ ለተራራ አይሆንም። ከፈለግሽ አብረን ሄደን እንምረጥልሽ።”

“ጎማን የፈጠርሽው አንቺ ነሽ እንዴ?”

“አይ፣ እኔም ተነግሮኝ ነው ያወቅኩት።”

“እንግዲያው የነገረሽን ሰው አመስግኚ። እኔ ነጋሪ አልቀጠርኩም።”

ቀጮ ባልዲውን አንስታ ሄደች። እማዬ ከቡኮው ላይ ቀና ብላ ሁሉንም ሰምታለች።

“ምን አለበት ብትጠይቂያት?” አለቻት። “መጠየቅ ምላስ ያሳጥራል?”

“እሷን ከጠየቅኩ እኮ ተራራውን በገዛ እጄ ሰጠኋት ማለት ነው። ነገ ሰው ሁሉ ‘ያስተማረቻት ቀጮ ናት’ ይላል።”

“ይበላ። ወደ ላይ የምትወስጂው ዳቦ ነው ልጄ፣ ስምሽን አይደለም።”

እትዬ በሩን ዘጋችው። እኛ ቤት መልስ ያጣ ሰው በር ይዘጋል።

አባዬ ይባስ ብሎ እሑድ ምሳ ላይ ነገሩን አከረረው። “ዝናቡ እየከበደ ነው” አለ። “ዝናቡ እስኪያልፍ ተራራውን አንድ ሰው ይይዘዋል፣ ሌላዋ አስፋልቱን። በዚህ ሳምንት ሁለታችሁም ውጡ፤ አንዷ ለትምህርት ቤቱ፣ አንዷ ለካባው። ዳቦው ሳይጎዳ የምታደርሰው ትይዘዋለች።” አባዬ እንዲህ ሲል ፍርድ የሰጠ መስሎት ነበር። እትዬ ግን ማንኪያዋን አስቀመጠች፤ አስፋልቱን እያዞረች “ዳቦ መጣች” የሚላት ሳይኖር የዝናቡ ጊዜ ሲያልፍ ታያት መሰለኝ፣ ፊቷ ተለዋወጠ።

በማግስቱ ቀጮ ገላዋን ስትታጠብ እትዬ ክር ይዛ ግቢ ወጣች። እኔ በመስኮት አይቻታለሁ። ቁጢጥ ብላ የቀጮን ጎማ በክሩ ለካች፣ ቋጠሮ ቋጠረችበት፣ ክሩን ኪሷ ከተተች። ከዚያ ሳይክሌን ያዢልኝ ብላ ይዛኝ ወደ ጎሚስታው ሄደች።

ጎሚስታው ክሩን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። “ይሄ ምንድነው?”

“ከዚህ በትንሽ የሚሰፋ ጎማ ስጠኝ።”

“ለየትኛው ሳይክል?”

“ለዚህ።”

“የለካሽው ግን ይሄን አይደለም።”

“አይደለም።”

“የማንን ነው ታዲያ?”

ልነግረው አፌን ስከፍት በክርኗ ጎሸመችኝ።

“ስሚኝ እህቴ” አለ ጎሚስታው፣ “ለተራራ ቀጭኑን ጥለሽ ሰፊ ማሰርሽ ደግ ነው። ግን ጎማ የሚለካው በራሱ ሳይክል ነው። በጎማውና ጎማውን ግራና ቀኝ በያዘው ሹካ መሀል ጣት ማለፍ አለበት፣ አለዚያ ጭቃ መውጫ ያጣል። ያንቺ ሹካ ጠባብ ነው። ከዚህ ክር መለስ ያለውን ላስርልሽ፣ እሱም ከድሮው በጣም ይሰፋል።”

“ከዚህ ክር ያንሳል?”

“በትንሽ ያንሳል።”

“አልፈልግም።”

“ጭቃው የት ይሂድልሽ?”

“ጭቃው የራሱ ጉዳይ ነው።”

እንግዲህ ገበያተኛ ንጉሥ ነው። እየታገለ፣ እየተሳደበ አሰረላት። ጎማውን ሲያሽከረክረው ሹካውን እየታከከ ሺሺሺ ይል ነበር። “ስትነፊው አታብዢው፤ ሰፊ ጎማ ትንሽ ለስለስ ሲል ነው መሬት የሚይዘው” አላት። እሷ ግን ቤት እንደገባች ፓምፑን ይዛ ጎማው እንደ ድንጋይ እስኪጠጥር ነፋችው። “ለስላሳው ለእሷ ይሁን” አለች። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደችና ሁለቱን ሳይክሎች ጎን ለጎን አየቻቸው። የእሷ ሰፍቷል። ፈገግ አለች። እኔም ሞኟ ደስ አለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ቀጮ ሣጥኗን እያሰረች አዲሱን ጎማ አየችው። ጎንበስ ብላ ሹካውን ተመለከተች። ቀና አለች። እትዬ አገጯን ቀና አድርጋ “ምነው?” አለቻት።

“ምንም” አለች ቀጮ። “ያምራል።”

ተያይዘው ወጡ፤ እትዬ የትምህርት ቤቱን ዳቦ፣ ቀጮ የካባውን ጭነው። ቀጥሎ የሆነውን በኋላ ከሁለቱም አፍ ነው የሰማሁት። በደረቁ ዳገት ላይ እትዬ እንደ ንፋስ ሄደች። እየዞረች ቀጮ ምን ያህል እንደራቀች ታይ ነበር፣ ጎማዋም ከመጠን በላይ ስለጠጠረ ከድንጋይ ድንጋይ እየነጠረ መሪውን ከእጇ ሊነጥቃት ይሞክራል። ወንዙ ላይ ያለችውን ትንሽ የእንጨት ድልድይ እንዳለፉ መንገዱ ወደ ቀዩ አፈር ይወርዳል። እዚያ ላይ ጭቃው ከቅጠል ጋር ተጠቅልሎ ወደ ሹካው ወጣ። መውጫ አልነበረውም። ተጠቀጠቀ፣ ጎማውን ነከሰው፣ የፊቱ ጎማ ሰው እንደያዘው ቀጥ አለ። እትዬ አልቆመችም። በመሪው ላይ ተፈናጥራ ግራ እጇ ላይ ወደቀች። ሣጥኑ ተከፈተና የልጆቹ ዳቦ እየተንከባለለ ወንዙ ውስጥ ገባ።

እኔ ባንኮኒው ላይ ነበርኩ። አንድ የጭቃ ክምር በሳይክል ላይ ተቀምጦ፣ ሌላ የጭቃ ክምር እየገፋው ሲመጣ አየሁ። የትኛዋ እትዬ፣ የትኛዋ ቀጮ እንደሆነች ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ፤ ከተዋወቁ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ መስለው ነበር። ቀጮ የካባውንም ዳቦ እዚያው ጥላ፣ እትዬን ኮርቻው ላይ አስቀምጣ፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት ደግፋ አውርዳታለች። እማዬ የእትዬን እጅ አየችና ዱቄት የነካ እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

እትዬ ክሊኒክ ተወስዳ እጇ በጄሶ ታሰረ። ለእሷ ሁሉም ሰው አዘነላት። ከላይ ያሉትን ግን ማንም አላስታወሰም። ከሰዓት በኋላ አንዲት የትምህርት ቤቱ ልጅ፣ ቦርሳዋ ከእሷ የሚበልጥ፣ ባንኮኒው ስር መጥታ ቆመች።

“ዳቦ ዛሬ ለምን አልመጣችም?” አለችኝ።

“ወድቃ ነው።”

“እኛ እኮ ጠበቅናት። መምህራችን ‘ውሃ ጠጡና ግቡ’ አለችን።”

ለእሷ ዳቦ አስያዝኳት። ሌሎቹ ግን በሌላ መንገድ፣ ባዶ ሆዳቸውን ወደየቤታቸው ወርደዋል። የአንድ ቤት ቅናት ስንት ልጅ እንደሚያስርብ ያን ጊዜ ገባኝ።

በማግስቱ እትዬ አልጋዋ ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች። ቀጮ ወተት ይዛላት ገባች። እትዬ ወተቱን አልተቀበለችም።

“ደስ አለሽ አይደል?”

“በምኑ?”

“ተራራው ያንቺ ሆነ።”

ቀጮ ወተቱን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ አልጋዬ ላይ ቁጭ አለች። ሰው ሁሉ ሲከፋው የሚቀመጠው የእኔ አልጋ ላይ ነው።

“ትናንት ጠዋት ጎማሽን አይቼዋለሁ” አለች።

“ማን ያላየው አለ?”

“እንደሱ አይደለም። ሹካው ጣት እንደማያስገባ አይቻለሁ። ጭቃ እንደሚነክስበት አውቅ ነበር፤ የመጀመሪያ ሳይክሌ ላይ እኔም ደርሶብኛል።”

እትዬ ከትራሱ ቀና አለች። “ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?”

“ቀንቼ ነዋ።”

“አንቺ? በምኔ?”

“‘ዳቦ መጣች’ ብለው የሚሮጡት ላንቺ ነው። እኔን ሲያዩኝ ሣጥኑን ነው የሚያዩት። አባትሽ አጠገብሽ ነው፣ የኔ የት እንዳለ እንኳ በደንብ አላውቅም። የነበረኝ ጎማዬ ብቻ ነበር፣ በእሱም በለጥሽኝ። ትንሽ ያዳልጣት፣ አገጯን ትንሽ ዝቅ ታድርገው ብዬ ዝም አልኩ። ትንሽ ነበር ያልኩት።” እንባዋ መጣ። “እጅሽ ሲሰበር ድምፁን ሰምቼዋለሁ።”

እትዬ ትራሱን አንስታ ወረወረችባት። በደህናው እጇ ስለነበር አልሳተችም። ቀጮ አልሸሸችም፣ ትራሱን ጭኗ ላይ ይዛ ተቀመጠች። አንዷ መጠየቅ ሞት መስሏት፣ ሌላዋ መናገር ሽንፈት መስሏት፣ በመሀላቸው ያለፈው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ “ያምራል” የምትል።

በመጨረሻ እትዬ ጄሶዋን እያየች፣ “ምን ያህል ነው የምትነፊው?” አለች።

“ምኑን?”

“ጎማውን ነዋ።”

ቀጮ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። “በአውራ ጣትሽ ስትጫኚው ትንሽ ይግባልሽ። በጣም ካለሰለስሽው ደግሞ ድንጋይ የቸርኬውን ብረት ይመታዋል። ሲዘንብ ከደረቁ ቀን ትንሽ አስተነፍሰዋለሁ።”

“የፊቱንም የኋላውንም?”

“የኋላውን ጠንከር አደርገዋለሁ፣ ሣጥኑ እዚያ ስለሆነ።”

እትዬ እጇን ዘርግታ ወተቱን ተቀበለች።

ቀጮ በዚያው ቀን አባዬ ጋ ሄዳ ሁሉንም ነገረችው። “ተራራውን አልይዘውም” አለችው። አባዬ ምድጃው ፊት ቆሞ ሰማት፤ ፊቱ የቀላው በእሳቱ ይሁን በንዴቱ አላወቅኩም።

“ሁለታችሁም የሚገባችሁ ቅጣት ነበረ” አለ። “ግን ልጆቹ የእናንተን ኩርፊያ አይበሉም። ሰኞ ትወጫለሽ፤ ዝናቡ እስኪያልፍ። እሷ ደግሞ መንገዱን ትንገርሽ።”

እንግዲህ እትዬ ተራራውን አጣችው። እጇ ቢድንም አስፋልቱን ነው የምታዞረው። እንደ ፊልም ተቃቅፈው ተላቀሱ ብዬ አልዋሻችሁም። ሰኞ ጠዋት እትዬ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ለማንም ነግራው የማታውቀውን ስትነግራት ግን ሰምቻለሁ። “ከድልድዩ በኋላ ግራውን ያዢ፣ ቀኙ የዛፍ ሥር ያፈጠጠበት ነው። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሰላም ካላልሽው ይከፋዋል። ቦርሳዋ የሚበልጣት ልጅ አለች፣ ሣጥኑን እሷ ካልከፈተችው ታለቅሳለች፣ ፍቀጂላት።” እያንዳንዱን ስትናገር ከሰውነቷ የሆነ ነገር የሚነቀልባት ይመስል ነበር። ግን ተናገረችው።

አሁን ምክሬን ስሙኝ፣ ከዚያ ወደ ሥራዬ ልመለስ። ተራራ የምትነዱ ሁሉ፣ ያንን ቀጭንና ጥርሱ ያለቀ ጎማ አውልቁት፤ ሰፊው መሬት ይይዛል፣ ጉልበት አይተካውም። ስትመርጡ ግን በሳይክላችሁ ሹካ ለኩት፣ በጎረቤታችሁ ጎማ አትለኩት። ሌላው ሰው ያወቀውን ጠይቁ፤ መጠየቅ ማንንም አያሳንስም። ያወቃችሁም ተናገሩ። የሰው ጎማ ጭቃ ሊነክሰው መሆኑን እያያችሁ “ያምራል” ብላችሁ የምታልፉ ከሆነ፣ እጃችሁን ባታነሱም ገፍታችሁታል። ቅናት አይምጣባችሁ አልልም። ይመጣል፤ ሲመጣ ግን አፉን አትዝጉት፣ ጥያቄ አድርጋችሁ አውጡት።

ቀጮ ሣጥኗን አስራ ስትወጣ እትዬ በሩ ላይ ሆና በዛፎቹ መሀል እስክትጠፋ አየቻት። አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ።

“ቀናሽ?” አልኳት።

“በጣም።”

“ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?”

“ስትመለስ ፍሬኑን ቁልቁለት ላይ እንዴት እንደምትይዘው እጠይቃታለሁ” አለችና ዳቦ ልትደረድር ገባች።